ቀለበቶቹን አቀራረብኩ፣ ዲፑ ግን ለሁለት አልተከፈለም

ደሴም ኮምቦልቻም ሆናችሁ የቴራኸርዝ ሜታማቴሪያል (በጥቃቅን የብረት ቀለበቶች ሞገድን የሚቆጣጠር ሰው ሠራሽ ቁስ) ሲሙሌሽን የምትሠሩ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ይሄንን ነው።

ችግር፦ ክፍተት ያላቸው ሁለት እኩል ቀለበቶች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ስፔክትረሙ (በየፍሪኩዌንሲው የሚያልፈው ሞገድ መጠን) ላይ ያለው ዲፕ፣ ማለትም ወደ ታች የሰመጠው ቦታ፣ ለሁለት ይከፈላል ስል አንድ ሆኖ ቀረ፤ ቦታውን ብቻ ቀየረ።

ምክንያት፦ ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም። እኔ በደንብ የገባኝ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ነው። ረገብ ያለ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሁለት እኩል ድንጋይ በእኩል ክር አንጠለጠልኩ። አንዱን ብቻ ስገፋው ቀስ በቀስ እሱ ይቆምና ሌላው ይወዛወዛል፣ ከዚያ ደግሞ መልሶ ይሰጠዋል። ሁለቱንም እኩል ስገፋቸው ግን አብረው ይሄዳሉ እንጂ መቀባበል የለም። ፊት ለፊት የሚመጣ ሞገድም ተመሳሳይ ቀለበቶችን እኩል ነው የሚገፋው። ሁለቱ በተቃራኒ የሚወዛወዙበት ሞድ (የመወዛወዝ ዓይነት) አለ፣ ሞገዱ ግን አይቀሰቅሰውም።

መፍትሄ፦ አንዱን ቀለበት 90 ዲግሪ አዙሩት። የኤሌክትሪክ መስኩ የአንደኛውን ክፍተት አቋርጦ ይለፍ፣ የሁለተኛውን አያቋርጥ። አሁን ሁለተኛው ጉልበት የሚያገኘው ከጎረቤቱ ነው፣ ዲፑም ይከፈላል። ቀለበቶቹን ስታራርቁ ሁለቱ ዲፖች ከተጠጋጉ በእርግጥም ካፕሊንግ (ቀለበቶቹ ጉልበት መቀባበላቸው) ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። የሴሉን (ቀለበቶቹን የያዘው፣ እየተደጋገመ የሚሄደው ክፍል) ስፋት ሳትቀይሩ ቀለበቱን ብታርቁት ከቀጣዩ ሴል ቀለበት ጋር ታቀራርቡታላችሁ፣ ስለዚህ ሴሉን አስፉት፤ ግን ቀለበቶቹ የተቀመጡት ሲሊከን ላይ ከሆነ በ1 ቴራኸርዝ ከ88 ማይክሮሜትር ካለፋችሁ ሞገዱ ሲሊከኑ ውስጥ ወደ ጎን መበተን ይጀምራል።

አሁንም አልተከፈለም? ካፕሊንጉ ከዲፑ ስፋት አንሶ ይሆናል። ለሙከራ የቀለበቶቹን ብረት ፍጹም አስተላላፊ አድርጉትና እዩ።

ችግር፦ ስፔክትረሙ በእኩል ርቀት ከፍ ዝቅ ይላል።

ይሄ ከቀለበቶቹ አይደለም። ሞገዱ ሲሊከኑ ውስጥ እየተመላለሰ ነው። ሲሊከኑ 500 ማይክሮሜትር ውፍረት ካለው ከፍ ዝቅ የሚልበት ርቀት 88 ጊጋኸርዝ ገደማ ይመጣል፤ ለክታችሁ አረጋግጡ። ሲሙሌሽን ላይ ሲሊከኑን ወሰን አልባ አድርጉት። የተለካ ዳታ ከሆነ ማሚቶው ከመምጣቱ በፊት፣ ማለትም ከዋናው ምት 11 ፒኮሰከንድ ሳይሞላ ቁረጡት፤ ግን ከ88 ጊጋኸርዝ ገደማ ያነሰ የዲፕ ክፍፍልም አብሮ ይጠፋል፣ ይሄንን ሪፖርት ላይ ጻፉት።

ችግር፦ ሜሹን (ሶፍትዌሩ ሲያሰላ ቅርጹን የሚከፋፍልበትን መረብ) በቀየርኩ ቁጥር ዲፑ ይሸሻል።

ክፍተቱ ውስጥ ያለው ሜሽ ሻካራ ነው። ዲፑ መንቀሳቀስ እስኪያቆም አድቅቁት። እየደቀቀ ሲሄድ ሰዓት ይፈጃል፣ መብራት ደግሞ መሃል ላይ ሊሄድ ይችላልና እያንዳንዱን ዙር ለብቻው ሴቭ አድርጉ።