የአንድ ብሉዝ ሮክ ባንድ ፍቅር ሲይዛችሁ ወንድሞቹን እንዴት ታገኛላችሁ?

የኦልማን ብራዘርስ ባንድን «አት ፊልሞር ኢስት» አልበም ከሰማሁ በኋላ ለሦስት ወር ሌላ ሙዚቃ አልጥምህ አለኝ። በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ኒው ዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳ ነው፤ ሁለት ጊታር፣ ሁለት ድራመር፣ የመጨረሻው ዘፈን ብቻውን 23 ደቂቃ ገደማ። «ይህን የመሰለ ሌላ» ብዬ ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ ያንኑ ሃያ ዘፈን እያገላበጠ አቀረበልኝ። እናንተ በዚህ አትድከሙ።

1. ምኑን እንደወደዳችሁት ለዩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ጊታሩ ደስ ይላል» ብሎ ፍለጋ መውጣት «ረጅም ሰው ነው» ብሎ መርካቶ ውስጥ ሰው እንደመፈለግ ነው።

አንድ ረጅም ዘፈን ምረጡና ሦስት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ፣ ቀጥሎ ድራሞቹን፣ በመጨረሻ አንዱ ጊታር ሲያቆም ሌላው ከየት ተቀብሎ እንደሚነሳ። በስልክ ስፒከር ከሆነ ግን ተዉት፣ ቤዙ ጭራሽ አይሰማም። ርካሽም ቢሆን የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ።

ቀልባችሁን የወሰደው እንደ ማሲንቆ እየተንሸራተተ የሚያለቅሰው ድምፅ ከሆነ ስላይድ ይባላል። የባንዱ ጊታሪስት ዱዌን ኦልማን ጣቱ ላይ የጉንፋን መድኃኒት የነበረበትን የብርጭቆ ጠርሙስ አጥልቆ ነበር የሚጫወተው። ከእሱ በፊት ከነበሩት ኤልሞር ጄምስን፣ ከእሱ በኋላ ከመጡት ዴሬክ ትራክስን ስሙ። ወፍራምና ከባድ የጊታር ድምፅ ከሆነ ክሪም የተባለውን ባንድ፣ ከዚያ ገቨርንመንት ሚውልን። ዘፈኑ መንገድ ስቶ ሲሄድ፣ «ይመለስ ይሆን?» እያላችሁ መጠበቁን ከወደዳችሁ ደግሞ የጃም ባንድ (መድረክ ላይ ዘፈኑን እየፈጠረ የሚያስረዝም ባንድ) ሰው ናችሁ፤ ወደ 4 ዝለሉ።

(ጆሯችሁ ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። የብሉዝ ጊታሪስቶች የሚያዘወትሩት ማይነር ፔንታቶኒክ የሚባለው ቅኝት አምስቱ ድምፆቹ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው፤ መነሻው ብቻ ይለያያል።)

2. ባንዱን ትታችሁ ሰውየውን ተከተሉ። ዱዌን በ1971 በ24 ዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ፤ ግን ከዚያ በፊት ከኤሪክ ክላፕተን ጋር በዴሬክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስ አልበም ላይ ተጫውቷል። የኦልማኖቹ ድራመር የቡች ትራክስ የወንድም ልጅ ነው ዴሬክ ትራክስ፤ ዛሬ ከባለቤቱ ከሱዛን ቴደስኪ ጋር የቴደስኪ ትራክስ ባንድን ይመራል። ዋረን ሄይንስም የኦልማኖቹ ጊታሪስት ሆኖ ነው በ1994 ገቨርንመንት ሚውልን ያቋቋመው። አንድ ቤተሰብ ናቸው ማለት ይቻላል።

3. የዘፈኑን ደራሲ ስም እዩ። የፊልሞር አልበም መክፈቻ ዘፈን በ1928 የብሉዝ ዘፋኙ የብላይንድ ዊሊ ማክቴል ነበር፤ ስሙን ካያችሁ እሱንም ፈልጋችሁ ስሙ።

4. ጃም ባንድን ከስቱዲዮ አልበም አትጀምሩ። እኔ ግሬትፉል ዴድን እንዲያ ጀምሬ «ይህ ነው ያ ሁሉ ወሬ?» ብዬ ሁለት ዓመት ዘጋኋቸው። ባንዱ ያለው መድረክ ላይ ነው። ታዳሚ ኮንሰርታቸውን እንዲቀዳ ስለፈቀዱ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቅጂ በነፃ ይገኛል። ከሜይ 8 ቀን 1977ቱ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኮንሰርት ጀምሩ።

እዚያም ሌላ ስህተት ሠራሁ፤ ሻፍል (ዘፈኖቹን ቅደም ተከተል አፍርሶ የሚያጫውተውን) አብርቼ ነበር። በዘፈን ዝርዝሩ ላይ በሁለት ርዕሶች መካከል ቀስት ካያችሁ ባንዱ ሳያቆም ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያው ዘፈን እየሟሟ ወደ ሁለተኛው ሊገባ ሲል ቁርጥ ብሎ ከሌላ ኮንሰርት ጭብጨባ ይገባብኝ ነበር፤ «ቅጂው ተበላሽቷል» ብዬ ሦስት ጊዜ እንደገና አወረድኩት። ፓኬጄ አለቀ።

ፊሽ የተባለው ሌላ ጃም ባንድ ላይ እኔም ገና ነኝ። ሁለት ኮንሰርት ሞክሬ ሁለቱም ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ሦስተኛውን ለቅዳሜ ይዣለሁ።