ሐኪም ለነበረ አባት የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፋል

አባቴ ያረፈው ሐሙስ ማታ ነው። ቀብሩ አርብ በ9 ሰዓት ስለነበረ የሕይወት ታሪኩን ለመጻፍ የነበረኝ አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኔ ጓዳ ገብቼ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ። «ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለሙያቸው የተሰጡ ሐኪምና መልካም የቤተሰብ አባት ነበሩ» ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን የአባቴን ስም አውጥታችሁ የሌላ ሐኪም ስም ብታስገቡበት አንድም ቃል መለወጥ አያስፈልጋችሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለሙት ዓመቱ እንደገና ጻፍኩት፤ ከዚያ ወዲህም የእድራችን ሰዎች ሐዘን ሲደርስባቸው ይጠሩኛል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ሰብስቡ። የሐኪም ቤት ወረቀት አያጣም፤ ዲፕሎማ፣ የሙያ ፈቃድ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የምስጋና ወረቀት ይገኛል። የቅጥሩንና የዝውውሩን ደብዳቤ በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩት። ውጭ አገር የተማረ ከሆነ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ተጠንቀቁ፤ ከመስከረም እስከ አውሮፓውያኑ ዘመን መለወጫ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይቀነሳል። የተቋማቱን ስም በዘመኑ እንደነበረው ጻፉ። ከአብዮቱ በፊት ለተመረቀ ሰው ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ጦር ኃይሎች ሆስፒታልም ያኔ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ይባል ነበር። «የዛሬው» የምትል ቃል ጨምራችሁ ብታያይዙት ወጣቱም ሽማግሌውም ይረዳዋል።

ዝቅ ያለ የሚመስለውን ሥራ አትዝለሉ። አባቴ ሐኪም ከመሆኑ በፊት፣ በ1947 ዓ.ም በተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሠልጥኖ በጤና መኮንንነት ገጠር አገልግሏል። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ዶክተርነቱን ብቻ ጻፍኩ። በቅሎ ላይ ሆኖ ወረርሽኝ ሲከላከል ያሳለፋቸው ዓመታት ቀሩ፤ አብረውት የነበሩ ሽማግሌዎች ቀብሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ስለዚያ ዘመን አንዲት ቃል አላገኙም።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው ሰውየውን ማግኘት ነው። የቀድሞ ባልደረቦቹ ዘንድ ደውሉ፤ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጥ። ስትጠይቁ «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ «ደግ ነበር» ብቻ ይሆናል። «ምን ሲያደርግ አይተኸዋል?» በሉ። የኛን ቤት ነገር ልንገራችሁ። በሠልስቱ ዕለት ነጠላዋን አዘቅዝቃ አንዲት የገጠር ሴት መጣች፤ ማናችንም አናውቃትም። አባቴ ቀዶ ጥገና አድርጎላት ኖሯል። ከሆስፒታል ስትወጣ «በሳምንቱ ክሩን ለማስወጣት ተመለሺ» ካላት በኋላ እጁን ጋወኑ ኪስ ከትቶ መሳፈሪያዋን ሰጣት። «ገንዘብ ከሌለሽ እንደማትመለሺ አውቃለሁ አለኝ» ብላ አለቀሰች። እናቴ ከተቀመጠችበት ጥግ ቀና አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያን ጋወን ከማጠቧ በፊት ከቀኝ ኪሱ የተጣጠፉ የአንድ ብር ኖቶች እያወጣች ቁምሳጥኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ ሰኞ ጠዋት አባቴ ምንም ሳይናገር መልሶ ይወስዳቸዋል። የገበያ መልስ ይመስላት ነበር። እኔ ግን ይህን ሳላውቅ «ለድሆች አዛኝ» ብዬ ጽፌ አልፌአለሁ።

የሴትዮዋን ሕመም፣ ስሟንም ሆነ መንደሯን አልጻፍኩም። እናንተም አትጻፉ። ታካሚ በሐዘን ተነክቶ ምስጢሩን ቢነግራችሁ እንኳ፣ ሐኪሙ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን አደራ እናንተ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አታፍስሱት።

«ባለትዳርና የ4 ልጆች አባት ነበሩ» የሚለው መስመር መቅረት የለበትም፤ ግን አባትነቱን ለማሳየት አይበቃም። አባቴ ተረኛ በሚሆንባቸው ሌሊቶች ልክ ማታ በ2 ሰዓት ከሆስፒታሉ ይደውላል። አራታችን በዕድሜ ቅደም ተከተል ስልኩ ሥር እንሰለፋለን፤ ታናሽ እህቴ የሰባትን ማባዣ በስልክ ነው የወጣችው። ሰባት ስምንት ላይ ስትደናቀፍ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። አንዳንዴ ከኋላው ነርስ ስትጠራው ይሰማናል፤ «መጣሁ፣ ልጄ ልትጨርስ ነው» ይላል። በዓልን ግን ብዙ ጊዜ ያለ እሱ አሳልፈናል፤ ይህንንም ጻፍኩት። መራቁን ደብቃችሁ ፍቅሩን ብቻ ብትጽፉ፣ እናትም ልጆችም የከፈሉት አብሮ ይሰረዛል።

ርዝመቱ ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ፤ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። በትልልቅ ፊደል አሳትሙት፤ የሕክምና ቃላትን በአማርኛ አቅልሉ። የሚያነበው ድምፁ የማይሰበር፣ አስቀድሞም ሁለት ጊዜ የተለማመደ ሰው ይሁን። በእኛ ቀብር አንባቢው ወረቀቱን ያየው እዚያው ቆሞ ነበር፤ የሆስፒታሉን ስም ሳይቀር አሳሳተው።

ከመታተሙ በፊት ደግሞ ለባለቤቱ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። እኔ ለሙት ዓመቱ የጻፍኩትን ለእናቴ ሳነብላት ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ኪሱ ጋ ስደርስ እጇን አነሳች።

«አምስት ብር አይደለም ልጄ፣ ሦስት ሦስት ብር ነው። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።»

አስተካከልኩት።