ድሬዳዋ ላይ ለታመሙ ሕፃናት የ24 ሰዓት የጌም ማራቶን እንዴት ይዘጋጃል?

ፕሌይስቴሽን ቤት የገባ ሁሉ ሕጉን ያውቀዋል። የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ይህን ሕግ ለ24 ሰዓት ዘርጉት። የተሸናፊው ብር ደግሞ ለቤቱ ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ይሂድ። የጌም ማራቶን ማለት ይኸው ነው።

ሐሳቡ ውጭ አገር ከተጀመረ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተመሠረተው ቻይልድስ ፕሌይ ለሕፃናት ሆስፒታሎች መጫወቻና ጌም ያቀርባል። በ2008 የተጀመረው ኤክስትራ ላይፍ ደግሞ ተጫዋቾች 24 ሰዓት እየተጫወቱ ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ይሰበስቡበታል። መነሻው በደም ካንሰር ያረፈች አንዲት ታዳጊ ስትሆን፣ እስካሁን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦበታል።

እኔን የሚያስቀኝ ግን በ2007 ካናዳ የተጀመረው ደዘርት ባስ ነው። ጌሙ ላይ ባዶ አውቶቡስ ከቱሳን እስከ ላስ ቬጋስ ይነዳል። መንገዱ 8 ሰዓት ይፈጃል፣ በእውነተኛው ሰዓት። መኪና የለም፣ ሰው የለም፣ በረሃ ብቻ። አውቶቡሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ስለሚጎትት ጆይስቲኩን አስቀምጦ መሄድ አይቻልም። ሲደርሱ አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ በቃ። ሰው ይህን ስቃይ ለማየት ይከፍላል። አዘጋጆቹም የሚቀጥለውን ሰዓት ካለፈው እያስወደዱ ይሸጡለታል።

ስለዚህ የታመመ ልጅ ፎቶ ከአሳዛኝ ሙዚቃ ጋር መለጠፍ አያስፈልጋችሁም። ሕፃኑ መለመኛ አይሁን። ጨዋታውን በዩቲዩብ በቀጥታ (ላይቭ) የሚያየው ተመልካች በተጫዋቹ ይሳቅ፣ ብሩም ከዚያ ይምጣ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

መጀመሪያ ሆስፒታሉ

ብዙ ሰው ከጌሙ ይጀምራል፣ ፖስተር ያሠራል፣ ከዚያ ሆስፒታል ይሄዳል። ተገልብጧል። ድል ጮራ ይሁን ሳቢያን፣ ሐረር ከሆናችሁም ሕይወት ፋና፣ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ሕፃናት ክፍል ዝለቁ። የክፍሉን ኃላፊ ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛውን አግኙ። «ምን እንርዳችሁ?» ብትሏቸው «ያላችሁን» ነው መልሱ። ይልቅ «ቤተሰብ በምን ምክንያት ይቸገራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የምትሰሙት ነገር ጌም የማይመስል ሊሆን ይችላል። ፋርማሲው የሌለው መድኃኒት ውጭ ይገዛል። ልጇን ይዛ ከገጠር የመጣች እናት የምትበላው ያጥራታል። ልጁ ድኖ «ውጡ» ሲባል የመመለሻ ትራንስፖርት የለም። ድሬ በሶማሌና በኦሮሚያ ገጠሮች መሐል ያለች ከተማ ናት፣ አስታማሚው ሁሉ የከተማ ዘመድ አለው ማለት አይደለም።

ምግብ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። በከባድ የምግብ እጥረት የተኛ ሕፃን መጀመሪያ ኤፍ 75፣ ሲሻለው ኤፍ 100 የሚባል ወተት ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ብስኩትና ጁስ ይዞ ገብቶ ማደል ደግነት ይመስላል፣ ልጁን ግን ሊጎዳው ይችላል። ነርሷ ሳትፈቅድ አንዲት ከረሜላ እንኳ አትስጡ።

ጌም ራሱን መስጠት ከፈለጋችሁ አራት ጥያቄ አለ። በአልኮል ይጠረጋል ወይ? (የጨርቅ አሻንጉሊት እዚህ ላይ ይወድቃል።) ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? ለሕፃን ይሆናል ወይ? ማታ ማን ይቆልፍበታል? የመጨረሻው ካልተመለሰ ዕቃው አይሰንብትም።

የተስማማችሁበትን ዝርዝር በደብዳቤ አድርጉት። ብሩ ከታሰበው በላይ ቢሆን ትርፉ ለምን እንደሚውልም እዚያው ይጻፍ።

ብሩ በማን ስም ይገባል?

በአንድ ጓደኛችሁ ቴሌብር እንዳትሰበስቡ። ልጁ ታማኝ ስላልሆነ አይደለም፣ ሐሜት የሚያተርፈው እሱ ስለሆነ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ከሕዝብ ገንዘብ የሚያሰባስብ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንን ፈቃድ ይፈልጋል። ለጀማሪ የሚቀለው ከተመዘገበ ድርጅት ሥር መሥራት ነው። ድርጅቱ የባንክ ሒሳቡን ይሰጣል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ገንዘብ የሚወጣውም በሁለት ሰው ፊርማ ይሆናል።

ውጭ ያሉት የድሬ ልጆች «ጎፈንድሚ ክፈቱ» ይሏችኋል። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ተቀባይ አይከፍልም። እዚያ ያለ ሰው በራሱ ስም መክፈትና በባንክ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ መላክ አለበት። የላከበትን ወረቀትም አብሮ ያሳይ።

ቶምቦላ ለማውጣት ራሱን የቻለ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ተዉት። በየጨዋታው ውርርድ ማስያዝም አይሆንም። ከተማው በቤቲንግ ቤት ሞልቷል፣ በሕፃናት ስም ሌላ አንጨምርበት።

ቀኑና ሰዓቱ

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፣ የድሬ ሙቀት የሚታገሥበት ወቅት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ግን ሰውም ማሽኑም ይቀልጣል።

ዓርብ 11 ሰዓት ጀምራችሁ ቅዳሜ 11 ሰዓት ጨርሱ። ለምን? የዓርብ ጁምዓ አልፏል፣ የእሁድ ቅዳሴ አልደረሰም። ዋናው ግን ኳስ ነው። በዚያ ወቅት የፕሪሚየር ሊጉ የቅዳሜ ብዙ ጨዋታዎች በእኛ 12 ሰዓት ይጀምራሉ። ሊቨርፑልና አርሴናል ሜዳ ላይ እያሉ እናንተን የሚያይ የለም። ለማንኛውም ፕሮግራሙን ቀድማችሁ እዩ።

ሌሊቱን ደግሞ አትናቁት። ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን በክረምታቸው ዋሽንግተን ላይ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ዲያስፖራው እራት በልቶ ስልኩን የሚያነሳበት ሰዓት ነው። አሪፍ ተጫዋቻችሁንና ቀልደኛ ኮሜንታተራችሁን ለዚያ ሰዓት አስቀምጡ።

የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ስለዚህ ምግቡ የጾም ይሁን። ባጊያና ሳምቡሳ ሁሉንም ያስማማል፣ የሳምቡሳው ሆድ ምስር ከሆነ። ለሶላት የሚወጣውም ሰው ተራው ላይ አስቀድሞ ይታሰብለት።

ቤቱና ዕቃው

ከዚራ ወይም ሳቢያን አካባቢ ካለ ፕሌይስቴሽን ቤት ጋር ተነጋገሩ። ባለቤቱ ቤቱን በነፃ ቢሰጥ ለስሙ ትልቅ ማስታወቂያ ነው። ሁለት ማሽን ያስፈልጋል፣ አንዱ ይሠራል አንዱ ያርፋል። ፒኤስ 4 ከሆነ ያለ ሌላ ዕቃ በራሱ ወደ ዩቲዩብ ላይቭ ይለቃል። ከዚያ የቆየ ከሆነ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ካርድና ኦቢኤስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይጠየቃል።

ማሽኑን ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡ። ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ ሁለት እንጨት ላይ ስቀሉት፣ አየር በሥሩ ይለፍ። ቀድሞ ተከፍቶ አቧራው ይውጣ። የድሬ አቧራ ደቃቅ ነው፣ ማራገቢያው ክንፍ ላይ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ። የማሽኑ ድምፅ ከፍ እያለ ከመጣ ተጫዋቹን ሳይሆን ማሽኑን ቀይሩ። ጆይስቲኮቹንም አንድ በአንድ ፈትሹ። የግራ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላስቲክ ተልጦ ፕላስቲኩ ከወጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጣት ይልጣል።

ኢንተርኔት ላይ ሒሳቡ ይኸውና። 720 የሚባለው ጥራት በሴኮንድ 3 ሜጋቢት አካባቢ ይልካል። ይህ በሰዓት 1.35 ጊጋባይት ገደማ፣ በ24 ሰዓት ደግሞ 32 ጊጋባይት ነው። የሚላክበትን ፍጥነት ለኩ፣ የሚያወርደውን አይደለም። ከ6 ሜጋቢት በታች ከሆነ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። የዋይፋይ ቤት ካልሆነ ከስልክ ሆትስፖት ጋር ሁለተኛ ሲም ይዘጋጅ።

ሦስት ትንንሽ ነገር፦

- ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስከፍቱ እስከ 24 ሰዓት ያስጠብቃችኋል። ዓርብ ጠዋት አትጀምሩት።
- ከ12 ሰዓት በላይ የሄደ ላይቭ ዩቲዩብ አይቀመጥም። በ8 ሰዓት በ8 ሰዓት ከፋፍላችሁ ልቀቁ።
- የታዋቂ ዘፋኝ ሙዚቃ ከኋላ ከተለቀቀ ድምፃችሁ ሊዘጋ ይችላል። የኳስ ጌሙን ሙዚቃም አጥፉት፣ የደጋፊው ጩኸት ይበቃል።

መብራት ይሄዳል፣ ይህ የታወቀ ነው። ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ። ጄኔሬተሩ ውጭ፣ ከመስኮት የራቀ ይሁን። ጭሱ ሰው ይገድላል። ሞደሙ በፓወር ባንክ ከተያያዘ ኢንተርኔቱ አይቋረጥም፤ ቲቪው ቢጠፋም በስልክ ጨለማውን አሳዩ፣ «ስንት ብር ቢገባ ጄኔሬተር እናስነሳ?» በሉ።

ማን ይጫወታል?

አንድ ሰው 24 ሰዓት አይቀመጥ። ኤክስትራ ላይፍም ሰዓቱን መከፋፈል ይፈቅዳል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ። የተቀየረው ይተኛ፣ ፍራሽ ይነጠፍ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑት በቀን ብቻ፣ ወላጅ ፈቅዶ። ሌሊቱን ያደረ ሰው ባጃጅ ወይም ሞተር ይዞ ወደ ቤት አይሂድ።

አንዱ «አቦ፣ ጫት ካለ ሌሊቱ ምናችን ነው!» ማለቱ አይቀርም። ድሬ ነውና። ለሕፃናት ሆስፒታል በሚሰበሰብ ላይቭ ላይ ግን በርጫ አያምርም። የሆስፒታሉ አስተዳደርም ካየው ስሙን ያነሳባችኋል። ውኃና ሻይ ይሁን።

ብሩ እንዴት ይመጣል?

እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። አንድ ጣውላ ግድግዳ ላይ አቁሙና ካሜራ ውስጥ የሚገባ የዋጋ ዝርዝር በጠመኔ ጻፉበት። የተሸነፈ 50 ብር። ቤት ውስጥ ያለውም፣ በቴሌግራም ተመዝግቦ የመጣውም። 100 ብር የከፈለ ተጫዋቹ ጆይስቲኩን ገልብጦ ለአምስት ደቂቃ እንዲጫወት ያደርገዋል። 200 ብር የከፈለ የማንቼውን ደጋፊ የሊቨርፑል ማልያ ያስለብሰዋል። 300 ብር የከፈለ ለኮሜንታተሩ ቋንቋ ይመርጥለታል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ። ድሬ ላይ አራቱንም የሚሞክር አይጠፋም፣ አንዱን አሳምሮ የሚያበላሽም እንዲሁ። ብሩ የሚገባው ሲያበላሽ ነው።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ዋጋውን እንደ ደዘርት ባሱ በየሰዓቱ ጥቂት ከፍ አድርጉት። ሰው «አሁን ካልከፈልኩ ይወደዳል» ብሎ ይቸኩላል።

ነጋዴውን በጎል ያዙት። አንዱ ፋርማሲ በየጎሉ አንድ ፓኮ ዳይፐር፣ አንዱ ሱቅ በየቀዩ ካርድ አንድ ሳሙና። ትልቅ ስፖንሰር ከመለመን ይህ ይቀላል። «ስንት ጎል ታገባላችሁ?» ብሎ የሚሠጋ ነጋዴ ካለ ጣራ አስቀምጡለት፣ ሃምሳ ጎል ድረስ በሉት።

የተኙት ልጆችም ይግቡበት፣ ሳይታዩ። ነርሷ ወረቀት ታዙር፣ ልጆቹ ቡድን ይምረጡ፣ ወይም ተጫዋቹ ምን ያድርግ ብለው ያዘዙትን ትጻፍ። ስም አይነበብም፣ በሽታ አይነገርም። «ከሕፃናት ክፍል ትእዛዝ መጣ፣ በረኛው ብቻ ጎል ያግባ» የሚል ወረቀት ላይቭ ላይ ሲነበብ ከየትኛውም ልመና የበለጠ ይከፈልበታል።

በየሰዓቱ መጨረሻ የገባውን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። በባንክ የገባና በጥሬው የገባ ለየብቻ። የጥሬ ብሩ ሳጥን ካሜራ ፊት ይሁን፣ ሲቆጠርም ሁለት ሰው ይቁጠረው።

ካለቀ በኋላ

ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ተኙ። ሒሳብ እሁድ ይሠራል፣ በደከመ ዓይን ብር አይቆጠርም። በሳምንቱ ውስጥ የባንክ መግለጫውን፣ የሰጪዎቹን ስልክና ስም ሸፍናችሁ፣ ላይቩን ያሳያችሁበት ገጽ ላይ ልቀቁት።

ግዢውን ከሆስፒታሉ ዝርዝር ላይ ፈጽሙ። መድኃኒት ከሆነ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት የሚያበቃበትን ቀን ሳያይ አትክፈሉ። ዕቃው በሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ገቢ ይደረግ፣ የገቢውን ወረቀት ቅጂ ያዙ። ርክክቡን ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ካርቶኑንና ፈራሚዎቹን። ሕፃናት ክፍል ውስጥ ስልክ አይውጣ፣ እናትየዋ ፈቀደችም አልፈቀደችም። ብር ያመጣ ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት ይከብዳታል።

የጥሬው ብር ከሳጥኑ ሲወጣ ከተጻፈው ቢጎድል እንኳ የጎደለውን ራሳችሁ አትሙሉ። ጎደለ ብላችሁ ከነቁጥሩ ጻፉት።