ዳክ ፕሬስኮት 240 ሚሊዮን ዶላር ይገባዋል አይገባውም ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ዳላስ ያለ ሀበሻ እሁድ ካውቦይስ (የከተማው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን) በተሸነፉ ቁጥር "ይሄን ሁሉ ብር ለምኑ ነው የሚከፍሉት?" ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። የቡድኑ ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውና ማጥቃቱን የሚመራው) ዳክ ፕሬስኮት ሴፕቴምበር 2024 የ4 አመት 240 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፣ በአመት 60 ሚሊዮን ማለት ነው፣ እስከዛ ቀን ድረስ በሊጉ ታሪክ በአመት ይሄን ያህል ያገኘ ተጫዋች አልነበረም። እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ፣ ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱን ለማየት ግን መጀመሪያ ሂሳቡን የሚያበላሹብንን ነገሮች እናስተካክል።

1. ትልቁን ቁጥር ብቻ አይቶ መፍረድ

በአሜሪካ ፉትቦል የተፃፈው ሁሉ አይከፈልም፣ ዋናው ጋራንቲ የተደረገው ነው፣ ማለትም ቢያሰናብቱትም የሚከፈለው። ኳርተርባኩ ዳንኤል ጆንስ በ2023 ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር 160 ሚሊዮን ፈረመ ተባለ፣ ጋራንቲው ግን ግማሹ ገደማ ስለነበር በሁለተኛው አመት ኖቬምበር ላይ አሰናበቱት። የዳክ ከ240ው 231 ሚሊዮኑ ጋራንቲ ነው፣ ስለዚህ የሱ እውነተኛ ብር ነው፣ ቡድኑም እንደፈለገ ሊወጣበት አይችልም። ኮንትራቱን ከባድ የሚያደርገው 60ው ሳይሆን ይሄ ነው።

2. ሳላሪ ካፑን (የደሞዝ ጣሪያውን) መርሳት

ይሄ ከሁሉም የባሰው ስህተት ነው። እኛ የለመድነው የአውሮፓ ኳስ ላይ ለሁሉም ክለብ እኩል የሆነ የደሞዝ ጣሪያ የለም፣ እዚህ ግን አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ የሚያወጣው ጣሪያ አለው፣ በየአመቱም ከሊጉ ገቢ ጋር ይቀያየራል። በ2020 ጣሪያው 198.2 ሚሊዮን ነበር፣ በ2024 255.4 ደረሰ፣ በ2025 279.2። የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ በ2020 ሲፈርም በአመት 45 ሚሊዮን ነበር፣ ከዛን አመት ጣሪያ 22.7 ፐርሰንት። የዳክ 60 ሚሊዮን ደሞ ከ2024ቱ 23.5 ፐርሰንት ነው። ማለትም 15 ሚሊዮን የሚመስለው ልዩነት በድርሻ ሲታይ አንድ ፐርሰንት እንኳን አይሞላም! ጣሪያው በቀጣዩ አመት ሲጨምር ደሞ ያው 60 ሚሊዮን ወደ 21.5 ወረደ። እና "ከማሆምስ ይበልጣል እንዴ?" የሚለው ጥያቄ በዶላር ሳይሆን በድርሻና በፈረሙበት አመት ነው መጠየቅ ያለበት።

ቦነሱም እንደዛው ነው፣ ሲፈርም 80 ሚሊዮን ሳይኒንግ ቦነስ (የፊርማ ክፍያ) ነበረው፣ ካፑ ላይ ግን ለ5 አመት ተከፋፍሎ በአመት 16 ሚሊዮን ሆኖ ነው የሚታየው።

3. በዋንጫ ብቻ መመዘን

ዳክ በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ባለው ጥሎ ማለፍ) 2 አሸንፎ 5 ተሸንፏል፣ እውነት ነው፣ ያናድዳልም። ግን ጃንዋሪ 2024 ግሪን ቤይ ዳላስ ድረስ መጥቶ 48 ለ 32 ሲያሸንፋቸው አብዛኛው ነጥብ የገባው ዲፌንሱ (መከላከሉ) ላይ ነው (ዳክም ያን ቀን ጥሩ አልነበረም፣ አልክድም)። በዛው ሲዝን ግን 36 ተችዳውን (ዋናው የነጥብ ማስቆጠሪያ) ወርውሮ ሊጉን መርቷል፣ በኤምቪፒ (የአመቱ ምርጥ ተጫዋች) ምርጫም ሁለተኛ ወጥቷል።

4. ተተኪው ማን ነው ብሎ አለመጠየቅ

በ2024 ዳክ ተጎድቶ ሲወጣ ተጠባባቂው ኩፐር ረሽ ገብቶ 4 አሸንፎ 4 ተሸነፈ፣ ሰውም "ይሄው በርካሹ ይሰራል" አለ። 4 ለ 4 እኮ ፕሌይኦፍ አያስገባም፣ ቡድኑ 7 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ነው የጨረሰው። ተተኪ ፍለጋ ገበያ ሲወጣ ምን እንደሚያጋጥም ለማየት ክሊቭላንድን ማየት ይበቃል፣ ለኳርተርባኩ ዴሾን ዋትሰን 3 የአንደኛ ዙር ድራፍት (አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመረጡበት) ምርጫ ከሌላ ሌላ ጋር ሰጥተው፣ 230 ሚሊዮኑን በሙሉ ጋራንቲ አድርገው፣ በቅጣትና በጉዳት ምክንያት ብዙውን ጨዋታ ሳያገኙት ቀሩ።

5. ብሩን ተጫዋቹ ላይ፣ ጥፋቱንም ተጫዋቹ ላይ መጫን

እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄኛው ነው። ዳክ በ2021 ሲፈርም ዳግመኛ ታግ (ኮንትራቱ ያለቀን ተጫዋች ቡድኑ ለአንድ አመት የሚያስቀርበት መብት) እንዳይደረግበት፣ ያለፈቃዱም ወደ ሌላ ቡድን እንዳይዘዋወር አስፅፎ ነበር። ካውቦይስ ይሄን እያወቁ የመጨረሻው አመት እስኪገባ ጠበቁ፣ የፈረመው የሲዝኑ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ሊጀመር ሰአታት ሲቀሩት ነው። ካልፈረሙት ሲዝኑ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል፣ እሱም ያውቃል፣ እና እንዲህ አይነት ሰው ለምን ይቀንሳል? ፊላዴልፊያ ኳርተርባካቸውን ጄለን ኸርትስን ኤፕሪል 2023 ቀድመው በአመት 51 ሚሊዮን አስፈረሙት፣ በዛው አመት ሴፕቴምበር ላይ የሲንሲናቲው ኳርተርባክ ጆ በሮ በአመት 55 ሚሊዮን ገባ፣ ዋጋው በ5 ወር ውስጥ ነው ይሄን ያህል የወጣው። ኸርትስም ፌብሩዋሪ 2025 ማሆምስን 40 ለ 22 አሸንፎ ሱፐር ቦውሉን (የሊጉን ዋንጫ) ወሰደ።

ካውቦይስ ደሞ ከዛ በኋላም አልተማሩም። የዲፌንሱን ኮከብ ማይካ ፓርሰንስን በዛው መንገድ ሲያጓትቱት ቆይተው ኦገስት 2025 ለግሪን ቤይ በዝውውር ሰጡት፣ እዛም በ4 አመት 188 ሚሊዮን ፈረመ።