ሃይድሬት፦ ጄሶ ውስጥ ያለውን ውሃ እንዴት እንቆጥራለን?

አንድ እፍኝ የጄሶ ዱቄት ዝገኑ። ቡን ይላል እንጂ እጅ አያርስም። ግን ውስጡ ውሃ አለ። ከ100 ግራም ጄሶ 6 ግራም ያህሉ ውሃ ነው። ጄሶው የተሠራበት ድንጋይ ውስጥ ያለው ደግሞ ከዚህ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ኬሚስትሪ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሃይድሬት ይለዋል። ብዙ ተማሪ ቃሉን ለፈተና ይሸመድደውና ይረሳዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቃሉ የገባው ሰው ጄሶ ለምን እንደሚጠነክርም ይገባዋል።

መጀመሪያ እርጥበትንና ሃይድሬትን ለዩ። የረጠበ ጨው ውሃው ላዩ ላይ ነው። ዛሬ ብዙ፣ ነገ ትንሽ ሊሆን ይችላል። የሃይድሬት ውሃ ግን ክሪስታሉ (ቅንጣቶቹ በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር) ሲሠራ አብሮ የገባ ነው። ቦታ አለው፣ ቁጥርም አለው። ለዚህ ነው ደረቅ ዱቄት ሆኖ ውሃ የሚይዘው።

ቀጥሎ ፎርሙላውን አንብቡ፤ የጄሶ ድንጋይ ለምሳሌ CaSO₄·2H₂O ተብሎ ይጻፋል። መሐል ላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ነጥብ ታያላችሁ። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የማባዣ ምልክት ትመስላቸዋለች። አይደለችም። «ከዚህን ያህል ውሃ ጋር» ማለት ናት። ከነጥቧ በኋላ ያለው ቁጥር የውሃው ቁጥር ነው። ስሙም ይህንኑ በግሪክ ቁጥር ይናገራል፦ ሄሚ ግማሽ፣ ዳይ ሁለት፣ ፔንታ አምስት፣ ሄፕታ ሰባት፣ ዴካ አሥር። ውሃው ጨርሶ ከወጣ አንሃይድረስ ይባላል፤ ውሃ አልባ ማለት ነው።

የጄሶ ድንጋይ ካልሲየም ሰልፌት ዳይሃይድሬት ነው። ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት ሁለት ውሃ። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቀዋል። እዚያ ሸለቆ ውስጥ ከተነባበሩት ድንጋዮች መካከል ይህ አንዱ ነው። ጂኦሎጂስቶች ንብርብሩን በአቅራቢያው ባለችው ከተማ ስም ጎሐ ፅዮን ይሉታል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። የአቶም ክብደት ሠንጠረዥ ካላችሁ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ካልሲየም 40፣ ድኝ 32፣ አራት ኦክሲጅን 64። ድምሩ 136። አንድ ውሃ 18 ስለሆነ ሁለቱ 36 ይሆናሉ። ጠቅላላው 172 ነው። 36ን ለ172 አካፍሉና በ100 አባዙ፤ 21 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከመቶ ኪሎ ድንጋይ 21 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው ማለት ነው! የጂፕሰም (የጄሶ ድንጋይ ሌላ ስሙ ነው) ግድግዳ እሳትን ለጊዜው የሚቋቋመውም በዚህ ነው። ሙቀቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት።

ድንጋዩ ተፈጭቶ ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ከውሃው ሦስት አራተኛው ይወጣል። የሚቀረው ሄሚሃይድሬት ነው፤ ለአንድ ካልሲየም ሰልፌት ግማሽ ውሃ። 172 ኪሎ ድንጋይ 145 ኪሎ ጄሶ ይሆናል፣ 27 ኪሎው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ገበያ የምንገዛው ጄሶ ይኼ ነው። የተሰበረ እግር የሚታሰርበትም እንደዚሁ።

ይህን በእጃችሁ ማየት ትችላላችሁ። በፕላስቲክ ኩባያ 60 ግራም ውሃ አድርጉ። 100 ግራም ጄሶ ቀስ እያላችሁ ውሃው ላይ በትኑና አማስሉ። ከዚያ ተዉት። እየጠነከረ ሲሄድ ኩባያውን ከውጭ ንኩት፤ ይሞቃል። ያ ሙቀት የወጣው ውሃ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚለቀቅ ነው። ጄሶ «ደረቀ» እንላለን እንጂ የሚጠነክረው ውሃውን መልሶ ስለያዘ ነው። አደራ፣ ጣታችሁን ወይም የልጅ እጅ ጄሶ ውስጥ ከታችሁ አታቆዩ፤ ክፉኛ ያቃጥላል። የተረፈውንም ማጠቢያ ውስጥ አትድፉ፣ ቱቦ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሂሳቡ ሌላ ነገር ያሳየናል። 145 ግራም ጄሶ የሚፈልገው 27 ግራም ውሃ ነው። ለ100 ግራም 19 ግራም እንኳ አይሞላም። እኛ ግን 60 ጨመርን፣ አለዚያ አይማሰልም። ትርፉ ኋላ ይተንና ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። በጣም የቀጠነ ጄሶ የሚፈረፈረው ለዚህ ነው። ባልዲውም ንጹሕ ይሁን። ከትናንት የቀረ ፍርፋሪ ካለበት አዲሱ ክሪስታል በእሱ ላይ ስለሚጀምር ቶሎ ይይዝና ሥራችሁን ያበላሻል።

ላብራቶሪ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ከመመዘናችሁ በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ስም እስከ መጨረሻው አንብቡ። ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ፔንታሃይድሬት ነው፤ 36 በመቶው ውሃ ነው። ሲሞቅ ውሃውን ያጣና ይነጣል። ነጩ ላይ ጠብታ ውሃ ቢያርፍ ሰማያዊነቱ ይመለሳል። መመሪያው 10 ግራም አንሃይድረስ ካለና ያላችሁ ሰማያዊው ከሆነ 10 ግራም አይበቃም። የፔንታሃይድሬቱን ክብደት 249.7 ለአንሃይድረሱ 159.6 አካፍላችሁ በ10 አባዙ። 15.6 ግራም መዝኑ። ጠርሙስ ላይ ስም ስትጽፉም «ኮፐር ሰልፌት» ብላችሁ አትተዉት፤ ፔንታሃይድሬት መሆኑን ጨምሩበት።