የቲማቲም ችግኝ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስታወርዱ
ደጀን ብርድ ላይ የፈላ ችግኝ ቀጥታ በረሃ ወርዶ አይቆምላችሁም፣ መጀመሪያ ሙቀት አለማምዱት። ሊተከል ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው በደንብ አጠጡትና ቀን ቀን ላስቲክ አልብሱት፣ ውስጡ ቴርሞሜትር አድርጉ፣ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ ግለጡት፣ 40 ከነካ ግን ቶሎ አንሱት ቅጠሉ ይጠበሳል። ምን መሰላችሁ፣ ሙቀት ሲበዛ የሴሉ ፕሮቲን ቅርጹ ይፈታና እንደተቀቀለ እንቁላል ይጣበቃል፣ ቀድሞ ትንሽ ሙቀት የቀመሰ ችግኝ ግን ሂት ሾክ ፕሮቲን (በአጭሩ ኤችኤስፒ) የሚባሉትን ከሙቀት የሚከላከሉ ፕሮቲኖች አምርቶ ይጠብቃል፤ ኤችኤስፒ 70 ፕሮቲኑ እንዳይጣበቅ ይይዘዋል፣ ኤችኤስፒ 101 ደግሞ የተጣበቀውን ይፈታል (መድኃኒት ምናምን መግዛት አያስፈልግም በቃ)። ብቻ ይሄ አቅም በቀናት ውስጥ እየጠፋ ስለሚሄድ አለማምዳችሁ ሳምንት አታስቀምጡት፣ ወዲያው አውርዱና አመሻሽ ላይ ትከሉት።