«የክረምት ጎማ» ለየትኛው ክረምት? የኤሌክትሪክ መኪና የጎማ ችግሮች፣ መንስኤያቸውና መፍትሔያቸው

አንድ ወዳጄ ለኤሌክትሪክ መኪናው አራት ጎማ ገዛ። ሻጩ «የክረምት ጎማ ነው» ስላለውና ሰኔም ደጅ ላይ ስለነበር ሌላ ነገር ሳይጠይቅ ከፍሎ አስገጠመ። ሐምሌ ላይ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርድ ከፊቱ ያለው ታክሲ ድንገት ቆመ። እርሱም ፍሬን ያዘ፤ መኪናው ግን ካሰበው ቦታ አልፎ፣ የታክሲውን ጀርባ ሊነካ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። በኋላ ጎንበስ ብለን ጎማውን ስናየው በጎኑ ላይ ባለሦስት ጫፍ ተራራ፣ በተራራውም ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ተቀርጾ አገኘን።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። ጎማ አምራቾች የክረምት ጎማ የሚሉት የአየሩ ሙቀት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚሰነብትበት አገር እንዳይደነድን ከለስላሳ ላስቲክ የሚሠራውን፣ ጥርሶቹም በረዶ እንዲነክሱ በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞሉትን ጎማ ነው። የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቅ የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ ብርዱ የሚብሰው ሰማዩ በሚጠራባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው፤ ያም ቢሆን ፀሐይ ከበረታች በኋላ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ አየር ለስላሳው የበረዶ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይም ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይወስዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው ከተማችን የሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው በቀላል ብርድ የማይደነድን፣ ውኃ ላይ ግን አጥብቆ የሚይዝ ጎማ ነው። ኦል ሲዝን (ለሁሉም ወቅት) የሚባለው ለዚህ ይስማማል፤ ጥሩ የበጋ ጎማም ያዋጣል። እኔ በበኩሌ ከስሙ ይልቅ ለእርጥብ መንገድ የተሰጠውን ደረጃ አስቀድማለሁ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመደረጉ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ የጎማ ልማዳችን ግን ገና በቪትዝና በኮሮላ ዘመን ላይ ነው። ቀጥሎ የሚነሱት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ልማድ የሚመነጩ ናቸው።

እርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል

መጀመሪያ መቼ እንደሚንሸራተት ይለዩ። ከቆመበት ሲነሳ ብቻ ከሆነ ጥፋቱን ወዲያው በጎማው ላይ አይጣሉ። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ገና ከቆመበት ስለሚሰጥ፣ የዜብራ ቀለም ወይም ከግንባታ ቦታ ታጥቦ የወረደ ጭቃ ላይ ሲነሳ ጥሩ ጎማም ሊሽከረከር ይችላል። መፍትሔው አሁንም ነዳጅ መስጫ የምንለውን ፔዳል ቀስ አድርጎ መርገጥና መኪናውን «ኢኮ» በተባለው ኃይል ቆጣቢ አማራጭ መንዳት ነው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ያለው «ስኖው» የተባለ አማራጭም፣ ስሙ በረዶ ቢሆንም፣ ጉልበቱን ስለሚያለዝብ ለሐምሌ ጭቃ ጥሩ ነው። ቁልቁለት ላይ እግርዎን ከፔዳሉ ሲያነሱ የመኪናው ጀርባ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን መልሶ የሚሞላው ፍሬን በፊት ወይም በኋላ ባሉት ሁለት እግሮች ላይ ብቻ ስለሚሠራ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ኃይሉን ዝቅ ያድርጉት።

ፍሬን ሲይዙም የሚንሸራተት ከሆነ ወደ ጎማው እንመለስ። በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ ከፍ ብለው የሚታዩ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር እኩል ከሆነ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ይህም በብዙ አገሮች ሕግ የመጨረሻው ልክ ነው። እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም። ውኃውን ወደ ጎን የሚያስወጣው የቦዩ ጥልቀት ስለሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር የቀረውን ጎማ ሰኔ ሳይገባ መቀየር ይሻላል።

ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የሚንሸራተት ጎማ ወይ አርጅቷል ወይ ለሌላ አየር የተሠራ ነው። ዕድሜውን በጎኑ ላይ «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ይናገራሉ፦ 2323 ካለ በ2023 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ 16 የሚለውን የእኛ 2016 አድርጎ የሚሸጥ አይጠፋምና። ተራራና የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት በአንዳንድ ኦል ሲዝን ጎማዎች ላይም ስለሚገኝ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም፤ ጥርሶቹ ከዳር እስከ ዳር በተጠማዘዙ ቀጫጭን ስንጥቆች ከተሞሉና ላስቲኩ በጥፍር ሲጫኑት በቀላሉ ከገባ ግን የበረዶ ጎማ መሆኑን ይጠርጥሩ። አዲስ ሲገዙ ለአውሮፓ ገበያ በተሠራ ጎማ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ የእርጥብ መንገድ ደረጃው ከ«ኤ» እስከ «ኢ» ተጽፏል። ወረቀቱ ከሌለ በጎኑ ላይ «ትራክሽን» የሚለውን ይፈልጉ፤ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ የመያዝ አቅሙን ያሳያል፤ ከፍተኛው «ኤ ኤ»፣ ዝቅተኛው «ሲ» ነው። የትራክሽን ደረጃው «ሲ» የሆነውን ጎማ፣ ምንም ቢረክስ፣ ለእኛ ሐምሌ አልመክርም።

አዲስ ጎማ ከገባ በኋላ በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት ቀነሰ

ከመኪናው ጋር የመጣው ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ብዙ ጉልበት እንዲንከባለል ተመርጦ የተገጠመ ስለሆነ በተራ ጎማ ሲተካ ርቀቱ መቀነሱ አይቀርም። አዲስ ጎማ ጥርሱ ጥልቅ በመሆኑ ራሱ ካለቀው ጎማ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህ ግን ጎማው እያለቀ ሲሄድ ስለሚስተካከል አያሳስብ። የሚያሳስበው የጎማው ንፋስ ነው፤ ካነሰ ጎማው ለመንከባለል ብዙ ኃይል ይፈጃል።

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ጎሚስታ ጎማዬን ከገጠመ በኋላ «ጋሼ፣ ሰላሳ ሁለት አድርጌዋለሁ፣ ይበቃዋል» አለኝ። የሹፌሩን በር ከፍቼ በምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየሁት፤ 250 ኪሎ ፓስካል ይላል። በስልኬ ለ6.9 ሳካፍለው፣ ጎሚስታው በሚለካበት የግፊት መለኪያ፣ 36 ፒ ኤስ አይ መጣ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አየና ወደ ጎማው እየጠቆመ «እዚህ ላይ ግን 51 ይላል እኮ» አለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በጎማው ጎን የተጻፈው ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ የንፋስ መጠን ሲሆን፣ በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ግን ለመኪናው ክብደት የተሰላው ነው፤ የሚሞላውም በዚሁ ነው። በባር ከተጻፈ በ14.5 ያባዙት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጅቡቲ ወደብ ላይ በትክክል የተሞላ ጎማ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ሙቀቱ እኩል ከሆነ፣ መለኪያው ወደ 3.5 ፒ ኤስ አይ ያህል ጨምሮ ያሳያል፤ በከፍታው ምክንያት የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ጎማው አልተበላሸም፤ እዚህ ባለው መለኪያ እንደገና አስተካክሎ መንዳት ይበቃል።

ጠዋት የጎማ መብራት ይበራል፣ እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል

ይህ የኅዳርና የታኅሣሥ ቅሬታ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲወርድ የጎማው ንፋስ ከ1.5 እስከ 2 ፒ ኤስ አይ ያህል ይቀንሳል፤ ቀድሞውንም በከሰዓት ፀሐይ፣ ተነድቶ በሞቀ ጎማ ላይ ልኩን ያህል ብቻ የተሞላ ከሆነ ሌሊቱን ከልክ በታች ይወርዳል። መኪናው ሳይነዳ፣ በማለዳ፣ በበሩ ምሰሶ ላይ በተጻፈው ልክ ይሙሉት። መብራቱ ሁልጊዜ ለአንዱ ጎማ ብቻ የሚበራ ከሆነ ግን ብርዱን ትተው ሚስማር ይፈልጉ።

ጎማው ቶሎ ያልቃል

መሀሉ ብቻ ካለቀ ንፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱም ዳር ካለቀ አንሷል፤ አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ አላይመንቱ ተዛብቷል። ይህን ማንኛውም ጎሚስታ ያውቀዋል። በኤሌክትሪክ መኪና የሚለየው የሚነዱት ሁለቱ እግሮች ጉልበቱንም፣ ባትሪ የሚሞላውን ፍሬንም ብቻቸውን መሸከማቸው ነው፤ ክብደቱ ሲጨመርበት ከሌሎቹ ሁለቱ ቀድመው ያልቃሉ። በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ጋር ማለዋወጥ ይህን ያካክሳል። እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 4 ባሉ የኋላ ጎማቸው ከፊቱ በሚሰፋ መኪኖች ላይ ግን፣ ለምሳሌ ፊቱ 235 ኋላው 255 ሲሆን፣ ማለዋወጥ ስለማይቻል የኋላው ቀድሞ እንደሚቀየር አስቦ በጀት መያዝ ነው። ሁለት ብቻ ሲገዙ አዲሶቹ ወደ ኋላ ይግቡ፤ በዝናብ ጊዜ ጀርባው ከከዳ መኪናውን መመለስ ከባድ ነው።

ጎኑ ላይ እብጠት ወጣ

ጉድጓድ ወይም የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ መትቶት የውስጡ ክር ተበጥሷል። አይጠገንም፤ ይጣል። እብጠቱ ከተደጋገመ ግን ጎማው ለመኪናው ክብደት ያንስ እንደሆነ ይመልከቱ። ከልኩ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጭነት አቅሙ ነው። በ205/55 አር 16 ልክ 91 የሚል ጎማ 615 ኪሎ ግራም ሲሸከም፣ በዚያው ልክ «ኤክስ ኤል» የተጻፈበት 94 ግን 670 ይሸከማል። በአራቱ ጎማ ሲባዛ ልዩነቱ 220 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ሦስት ጎልማሳ ሰው ነው። ልኩ ገጠመ ማለት በቂ ነው ማለት አይደለም፤ ከፋብሪካው ከመጣው ቁጥር በታች አይግዙ።

ድምፁ በዛ

ሞተሩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ድሮ የማይሰማው የጎማ ድምፅ አሁን ይሰማል። አንዳንድ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማዎች ለዚህ ሲባል በውስጣቸው ስፖንጅ ተለጥፎባቸዋል፤ ሲበሳ ጠጋኙ ቀዳዳው ያለበትን ስፖንጅ ብቻ ቆርጦ ያንሣ እንጂ ሙሉውን አይግፈፈው።

ጎሚስታው ዘንድ

ክሪኩ የሚገባበትን ቦታ ራስዎ ያሳዩ። የመኪናው ሆድ ባትሪ ነው፤ ክሪክ ባልተፈቀደ ቦታ ገብቶ የባትሪውን መያዣ ቢጎዳ የጎማው ዋጋ ከቁጥር አይገባም። ብዙዎቹ መኪኖች የስኮርት ጎማ ስለሌላቸው ሁለት ጎማ በአንድ ጊዜ ማስፈታትም አያስፈልግም፤ አንድ በአንድ ይሠራ። ቡሎኖቹ በእጅ ተጀምረው፣ በመስቀል ቅደም ተከተል ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዱ በኋላም እንደገና ያስጠብቋቸው። የንፋስ መቆጣጠሪያውንም ከስክሪኑ ላይ እንደ አዲስ ያስጀምሩት።